ሰረዝ ያለባቸው ቀኖች

ቤዛዊት ያን ንግግር የሰማችው በአምስት ወይም በስድስት ዓመቷ ነው። ግራና በምትባል የገጠር ከተማ፣ አያቷ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ በተደረደረ የማሽላ ጆንያ ላይ ተኝታ ነበር። እንቅልፍ ወስዷታል ብለው ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው አያቷ አቶ ሽፈራው ናቸው። ሌላው ከከተማ የመጣ እንግዳ ነው፤ መልኩን አታስታውሰውም፣ ጫማው ላይ የደረቀው ጭቃ ብቻ ትዝ ይላታል።

«አንድ ቁጥር ጣል ቢያደርጉበት ምን አለበት? ማን ያያል?» ይላል እንግዳው።

አያቷ የመለሱት ግን ግማሹ ከእንቅልፏ ጋር ሄዷል። «እኔ…» ያሉ ይመስላታል፤ ቀጥሎ «ዝናቡ» ያሉ ይመስላታል። ከዚያ እንግዳው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ስለ ምን ያወሩ እንደነበር ማንንም ጠይቃ አታውቅም። በልጅነት የተሰማ ነገር እንዲህ ነው፤ ሳይጠሩት የሚመጣበትን ቀን ራሱ ያውቃል።

የመጣው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለችው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ነው።

ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ቢሏት ክፍሏ ጠባብ ናት። ሰባት ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነር፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የካርቶን ክምር። ካርቶኖቹ ውስጥ ሰዎች ከየቤታቸው ያመጡት አሮጌ ደብተር፣ ፎቶግራፍና ደብዳቤ አለ። ኃላፊዋ እትዬ የሻረግ ለሚመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ፤ «ደብተር ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ሰው ያየዋል። እዚህ ከገባ ግን ጎንደርም ጅማም ያለ ተመራማሪ ይከፍተዋል፤ ይደምረዋል፤ ከሌላው ጋር ያስተያየዋል።»

ከካርቶኖቹ አንዱ የአያቷ ነው። ሠላሳ አራት ደብተር፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ዝናብ። አቶ ሽፈራው ጎልማሳ ሳሉ የግብርና ሰዎች መጥተው ጓሯቸው ውስጥ የቆርቆሮ መለኪያ ተክለውላቸው ነበር። ሰዎቹ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልመጡ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የቆርቆሮውን ውሃ መስመር ወዳለው ብልቃጥ ገልብጠው፣ አንብበው፣ በእርሳስ ይጽፋሉ። ያን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ቤዛዊትና ኢሕሳን ናቸው። ሁለቱም መርሳ አንድ ክፍል ይማራሉ። ትምህርት እንደተዘጋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላልሰው፣ እሷ እያነበበች እሱ እየጻፈ ጨርሰውታል።

«ኑ እስኪ ልጆች፤ ይቺን እዩልኝ» አሉ መምህር ሃብተሥላሴ። የአየር ንብረት መምህር ናቸው፤ ቁጥሮቹን ከራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገዋል።

ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሰማያዊ ዘንጎች ቆመዋል፤ አንድ ዘንግ ለአንድ የወሩ ቀን፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ዝናብ ተደምሮ። ሁሉም ይብዛም ይነስም ቁመት አላቸው። አሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ ግን ምንም የለም። ግራፉ እንደ ወላቃ ጥርስ ሆኗል።

«ወር በገባ በአሥራ ሁለት ግራና ላይ ዘንቦ አያውቅም» አሉ መምህሩ፤ እየሳቁ ቢሆንም ግንባራቸው ተቋጥሯል። «በሐምሌም በነሐሴም።»

ወለሉን የሚወለውሉት እማማ ማሚቴ እንጨታቸውን ተደግፈው ቆሙ። «አሥራ ሁለት? ሚካኤል አይደል እንዴ።» አማተቡ። «ምን ይገርማል ታዲያ። መልአኩ ያዝ አድርጎላቸው ነው። ተአምር ነው።»

«እማማ፣ እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፤ ተአምሩን ለእርስዎ እተዋለሁ። ሌላ ሰው የመዘገበው ቢሆን ስህተት ነው ብዬ እጥለው ነበር። አቶ ሽፈራው ግን አንዷን ጠብታ እንኳ የማይዘሉ ሰው ናቸው አሉ። የገጾቹ ፎቶ ገና አልተጫነም እንጂ እዚያው አይ ነበር። ለማንኛውም ቅዳሜ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ምርቃት ላይ ይቺን ግራፍ ለሰው አሳያለሁ። እሳቸውም ፊት ይቀመጡ የለ፤ እጠይቃቸዋለሁ።»

ኢሕሳን ፈገግ ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ቤዛዊት አልሳቀችም። ያ የከተማ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ጆሮዋ ሥር መጥቶ «ማን ያያል?» አላት።

የምታውቀውን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በአያቷ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፤ «ዜሮ፦ አይቻለሁ፣ አልዘነበም። ሰረዝ፦ አላየሁም።» ሥራውን የጀመሩ ዕለት አንብባው ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰረዝ ስትመጣ ሲስተሙ አልቀበል አለ፤ ቁጥር ካልገባለት ወደሚቀጥለው ቀን አያሳልፍም። እትዬ የሻረግ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ነው። ኢሕሳን «ይቺ ጭረት ምንድን ናት?» ብሎ ሲጠይቃት «ዜሮ በላት» አለችው። በማግስቱ እጠይቃለሁ ብላ ነበር። በማግስቱ ሌላ ሰረዝ መጣች፤ ዜሮ ሆነች። ከዚያ ወዲያ መጠየቁ አሳፈራት።

*

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ኢሕሳን ደስ ብሎት ነበር። እትዬ የሻረግ ሥራውን ለጨረሰ ክረምቱን ሙሉ ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ላይ ተቀምጦ ፕሮግራም የሚማርበት ቦታ እንሰጣለን ብለዋል። እሱ ደግሞ ከዚህ ሥራ በፊት ከአባቱ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውጭ ሌላ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

«ኢሕሳን።»

«አቤት።»

«ያቺ ሰረዝ ዜሮ አይደለችም።»

«የትኛዋ ሰረዝ?»

«ሁሉም። አያቴ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ሌሊት ወጥተው ዳገቱን ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ማታ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስለማይኖሩ ሰረዝ ያደርጋሉ። በማግስቱ የሁለት ቀኑን አንድ ላይ ይለካሉ።»

ኢሕሳን ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ እኮ ነሽ ‘ዜሮ በላት’ ያልሽኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

ረዳቱ «ሲሪንቃ ወራጅ አለ?» እያለ በሩን ያንኳኳል። ሁለት ሴትዮዎች ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሚኒባሱ ተነሣ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለ ኢሕሳን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አቦ ተይው። አንድ ጊዜ ገብቷል። ማን ያያል?»

ቤዛዊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ቅዳሜ አያቴን ሰው ፊት ሊጠይቋቸው ነው። ‘በሚካኤል ቀን አይዘንብም ብለው ጽፈዋል፤ እንዴት ነው?’ ሊሏቸው ነው። እሳቸው ደግሞ አልጻፉም።»

«ብንናገር ያ ቦታ ይቀርብናል።»

«ይቀርብናል።»

«አሥራ ሦስት ሺህ ምናምን ቁጥር ነው የጻፍኩት። ጣቴን ጠይቂው።» ጣቱን ዘረጋላት። «ደግሞ ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ያልሽኝን ነው የምጽፈው።»

መርሳ ሲደርሱ ቻው ሳይላት ወረደ።

*

በማግስቱ ግራና ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር። አያቷ ጓሮ ናቸው። አጥሩ ላይ ለቅዳሜው ያሳጠቡት ቡናማ ኮት ተሰጥቷል። አቶ ሽፈራው ጉልበታቸውን ጭቃው ላይ ተክለው፣ ብልቃጡን ከዐይናቸው እኩል አንሥተው ያነባሉ። ጉልበታቸው ከታመመ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ ብልቃጡን ግን ለማንም ሰጥተው አያውቁም፣ ለሷም ቢሆን።

«ስድስት ነጥብ ሁለት» አሉ ለራሳቸው። ጻፉ። ከዚያ አዩዋት። «ምነው በጠዋቱ? ደኅና ነሽ? እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ አባባ። አንቱ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ ወደ ቤት፤ ይበርድሻል።»

«እዚሁ ልንገርዎት።»

ነገረቻቸው። ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ መሃሉ ላይ ጠፋባት፤ ዝም ብላ እንደመጣላት ነገረቻቸው። የሲስተሙን አልቀበል ማለት ስትናገር ሰበብ መሰለባትና ተወችው። አቶ ሽፈራው እርሳሳቸውን በጣታቸው መሃል እያዞሩ እስክትጨርስ ሰሟት።

«ስንት ትሆናለች ሰረዟ?»

«አልቆጠርኳትም። አምስት መቶ ሳትደርስ አትቀርም።»

«አምስት መቶ።» ወደ ዳገቱ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ተመለከቱ። «እኔ የመልአኩን ጽዋ ይዤ ቆሜ፣ እዚህ ደብተሬ ላይ ደግሞ ‘አየሁ፣ አልዘነበም’ ብያለሁ ማለት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት።»

«አንቱ አላሉም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ያነበበው ሰው አንቺን ያውቅሻል?»

ድምፃቸው አልጨመረም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሄደው ኮቱን ከአጥሩ አወረዱት፤ ገና እርጥብ ነው። አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት።

«ደብተሮቼን አምጪልኝ።»

«አባባ…»

«ሂጂ አሁን። ዝናብ ሳይቀድምሽ ሂጂ።»

*

መርሳ ላይ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ ኢሕሳን ከአባቱ ሱቅ ወጥቶ መጣ። አፉ ውስጥ የዳቦ ቁራሽ አለ።

«ልትነግሪያቸው ነው?»

«አዎ።»

«ብቻሽን?»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

«ፋራ» አለና ዳቦውን ዋጠው። «ዜሮ በላት ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዜሮዋን የተጫነው ግን የኔ ጣት ነው። ነይ፤ ያችኛዋ ልትሞላ ነው። አብሽሪ።»

ወልድያ ደርሰው ሲነግሯቸው እትዬ የሻረግ ሁሉንም ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። ካርቶኑን ከፍተው የመጀመሪያውን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ አነበቡ።

«አንብበሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

«ከስብሰባ እኮ ሰው ይወጣል፣ ቤዛዬ።» ቤዛዊት አንገቷን ደፋች። እትዬ የሻረግ ለጥቂት ጊዜ ገጹን አዩት። «እኔም ብሆን ቅጹን በአንዲት ባዶ ቀን እንኳ ሳልሞክረው ነው የሰጠኋችሁ። እንግዲህ የየድርሻችንን እንያዝ።»

ለመምህር ሃብተሥላሴ ደወሉ። ከስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ተሰማ። «እንኳን ቅዳሜ ሳይሆን ዛሬ አወቅነው። ለእማማ ማሚቴ ግን አንቺው ንገሪያቸው» አሉ።

«አሁን ምን ይሆናል?» አለች ቤዛዊት።

«ቅዳሜ የአቶ ሽፈራው ዝናብ አይታይም። ደብተሩን አምጡ ብለዋል፤ እንወስድላቸዋለን። የገባውም ይጥፋ ካሉ ይጠፋል። ቤተ መጻሕፍት የሰው አደራ ነው የሚይዘው፤ አደራ ደግሞ ሲጠየቁ ይመልሱታል።»

«ይጠፋል» አለች ቤዛዊት። ቃሉ ራሱ ከበዳት። አያቷ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ደብተሩ ግራና ተመልሶ ሳጥን ውስጥ ከገባ ከሳቸው በኋላ የሚከፍተው ሰው የለም። ምስጥ ነው የሚከፍተው።

ኢሕሳን ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ቦታስ… ለክረምቱ ያሉን?»

«ሥራውን ለጨረሰ ነው ያልኩት።»

«እሺ» አለ።

*

ሐሙስ ዕለት ካርቶኑን ይዘው ሦስቱም ግራና ሄዱ። የእትዬ የሻረግ ላፕቶፕ በፌስታል ተጠቅልሏል። ከባጃጁ ሲወርዱ ዝናቡ ያዛቸው፤ ኢሕሳን ጃኬቱን አውልቆ ካርቶኑ ላይ ጣለው።

አቶ ሽፈራው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተቀበሏቸው። መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፉ፤ «ኑ ግቡ፣ ደረቅ ደረቁን ያዙ» አሉ፤ ለኢሕሳን ራሱን የሚያደርቅበት ነጠላ ሰጡት። ደብተሮቹን ግን ቁጭ ሳይሉ ቆጠሩ። ሠላሳ አራት። እትዬ የሻረግ ይቅርታ ጠየቁ፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ፤ ነገሩ ግን ያበቃለት ይመስል ነበር።

ቤዛዊት ለልመና አልመጣችም። ምን ልትል እንደምትችል ሌሊቱን አስባ አጥታዋለች። እጇ ብቻ አንዱን ደብተር አነሣ። ከፈተችው። አንዲት ሰረዝ ላይ ጣቷን አኖረች።

«አባባ፣ ይቺ የምን ናት?»

አቶ ሽፈራው ወደ ደብተሩ ዘንበል አሉ። «የሚካኤል ናት። ቀኑን አታይም?»

«ይቺስ? ይቺ ሃያ ስድስት ነው።»

አሁን መነጽራቸውን ፈለጉ። ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«እናትሽ ናት» አሉ።

«እናቴ?»

«ሌሊቱን ሙሉ አያትሽ ምጥ ላይ ነበረች። ሲነጋ ተገላገለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን እኔ ምኑን ዝናብ አስታውሼ። ያን ቀን እንደ ጉድ ዘንቦ ነበር፤ በማግስቱ ብልቃጡ ሞልቶ ፈሰሰብኝ።»

ቤዛዊት ገጹን ገለጠች። የሚካኤል። የሚካኤል። ጎረቤታቸው አቶ ዓሪፍ ልጃቸውን ሲድሩ አቶ ሽፈራው ድንኳን ተካይ የነበሩበት ቀን። መንገዱ በጥይት ተዘግቶ ከቤት መውጣት ያልተቻለባቸው ቀኖች። ሌላ ደብተር ላይ ሰባት ሰረዞች ተከታትለው መጡ፤ ከነሱ በፊትም በኋላም ጽሕፈቱ የተለየ ነው፣ የተንቀጠቀጠ። አቶ ሽፈራው አውራ ጣታቸውን በሰባቱ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፏት። ቤዛዊት ሴት አያቷ የሞተችበትን ወር ታውቃለች፤ አልጠየቀቻቸውም።

ሁሉንም ዜሮ ያለቻቸው እሷ ናት። እንባዋ ደብተሩ ላይ እንዳይወድቅ ቀና አለች።

«አታልቅሽ» አሉ አያቷ። «እርሳሱ ይደበዝዛል።»

ኢሕሳን ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ ነበር። እትዬ የሻረግ ቅጹን ትናንት አስተካክለውታል፤ አሁን ሰረዝን ይቀበላል፣ ከጎኑም ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለው። ማንም ሳያዝዘው የመጀመሪያውን ደብተር ከፍቶ ጀምሯል።

«አባባ» አለ ቀና ሳይል፣ «በሚካኤል ቀን ሌላ ሰው ቢያነበውስ? እኔ ጽዋ የለብኝ።»

አቶ ሽፈራው ልጁን አዩት። የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ዐይንህን ከውሃው እኩል ካላደረግህ ውሃው ይዋሽሃል። አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ አታውቅም» አሉና ወደ ደብተሩ ተመለሱ።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ደብተር ብቻ አልቆ ነበር። እትዬ የሻረግ ተነሡ። «አባባ ሽፈራው፣ ምን እናድርግ? ያሉትን እናደርጋለን።»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ከደብተሮቹ ያለቀችውን ለይተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። «ይቺን ውሰዱ። ይቺን አንብበናታል። ያላነበብነው ግን እዚሁ ይቆይ። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ፤ አንድ አንድ እያልን እናንብብ።»

«ሠላሳ ሦስት ቅዳሜ ነው» አለ ኢሕሳን።

«አንተን መቼ አስገደድኩህ?»

«እመጣለሁ። ቆጠርኩ እንጂ።»

ደጅ ወጥተው የባጃጁን ሾፌር ሲጠሩ አቶ ሽፈራው በጭቃው እየተጠነቀቁ እስከ መለኪያው ድረስ ተከተሏቸው። ቆርቆሮውን በእጃቸው መዳፍ ነካ አደረጉት።

«አንተ ልጅ» አሉ። «ለሚካኤል ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ድረስ። እስከዚያ አሳይሃለሁ። ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው። ካልደረስክ ሰረዝ ነው።»

«ወላሂ እደርሳለሁ።»

«አትማል። ድረስ ብቻ።»

ቤዛዊት ቆማ ትሰማለች። እኔስ ማለት ፈለገች፤ አፍ አልነበራትም። አያቷ ከደረት ኪሳቸው እርሳሱን አውጥተው አዩት፤ ጫፉ ደንዝዟል፤ በጥፍራቸው ሞከሩት። ከዚያ ወደ እሷ ዘረጉላት።

«እሱ ያነባል። አንቺ ከጎኑ ቆመሽ፣ አንቺም አይተሽ፣ ትጽፊያለሽ።»

እርሳሱን ተቀበለች።

«አይቼ እጽፋለሁ፣ አባባ» አለች።